ኦንላይን ለመማር ዝግጁ ነሽ? ተማሪዋ ራሷ በአንድ ሳምንት እንድትመልሰው

ጅማ ላይ ክረምት ሲገባ ቤቴ የሚመጡ ተማሪዎች ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። «ቲቸር፣ ኦንላይን ልማር ነው፤ የቱ ኮርስ ይሻላል?» አንዱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሶ ውጤት እየጠበቀ ነው። ሌላዋ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታለች። ሐምሌ 2016 ላይ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች የሚባለው የኦንላይን ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጠያቂው በዝቷል። ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬት አለው፣ ሰፈር ውስጥ የወሰደ ልጅ አለ። እኔ ግን ስለ ኮርሱ ከማውራቴ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። «ዝናብ ሲመጣ የት ቁጭ ብለሽ ነው የምትማሪው?»

ጅማን የሚያውቅ ጥያቄው ይገባዋል። ዝናባችን ረጅም ነው። ከመጋቢት አንስቶ መስከረም እስኪያልቅ ይዘንባል ማለት ይቻላል፣ ቤታችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ዝናቡ ጣሪያው ላይ መውረድ ሲጀምር እንኳን የስልክ ድምፅ አጠገብ የተቀመጠ ሰውም አይሰማም። ማዳመጫ የሌላት ልጅ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ እማራለሁ ብትል እቅዷ ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። ልጅቷ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ማንም ቀድሞ ስላላሰበላት ነው።

ይህን የምጽፈው ታናናሾችን ለምትረዱ ሁሉ ነው፤ ለመምህራን፣ ለታላቅ እህትና ወንድም፣ በክበብም በመስጊድም በሰንበት ትምህርት ቤትም ልጆችን ለምትሰበስቡ። ዛሬ ይህ ዝግጁነት ኦንላይን መማር የፈለገን ብቻ የሚነካ ነገር አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። የ12ኛ ክፍሉም በ2016 በከፊል ኦንላይን ተሰጥቷል። ማውዝ በእጇ ይዛ የማታውቅ ልጅ እዚያ ፈተና ፊት ከምትደነግጥ፣ የሚጎድላትን አሁን ቤቷ ሆና ብታውቀው ይሻላል።

«አዎ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። የጥያቄ ወረቀት አዘጋጀሁ። ስልክ አለህ? ኢንተርኔት አለህ? ጊዜ አለህ? ኮምፒውተር ትችላለህ? አሥራ ሁለት ልጆች ሞሉት። ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም ከላይ እስከ ታች «አዎ» አሉ። ደስ ብሎኝ አስመዘገብኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት የሚማሩት አራት ብቻ ነበሩ።

ያቋረጡትን እየዞርኩ ሳናግር ነው ነገሩ የገባኝ። «ስልክ አለኝ» ያለው ልጅ ስልኩ የወንድሙ ነው። ወንድሙ ባጃጅ ይነዳል፣ ስልኩ ቤት የሚገባው ማታ 3 ሰዓት ነው። «ኢንተርኔት አለኝ» ያለችው ወረቀቱን በሞላችበት ዕለት የአንድ ቀን ፓኬጅ ነበራት። «ጊዜ አለኝ» ያለችው እናቷ ታመው የቤቱ ሥራ ሁሉ እሷ ላይ ወድቋል። ማንም አልዋሸኝም። ጥያቄዬ ነው መጥፎ የነበረው።

ይሉኝታም አለበት። ለትልቅ ሰው «የለኝም» ማለት ከባድ ነው፣ በተለይ ጓደኛ አጠገብ ተቀምጦ «አለኝ» እያለ ሲሞላ። ስለዚህ ሁለት ነገር ቀየርኩ። አንደኛ፣ ወረቀቱ የተማሪው ሆነ፤ አልሰበስበውም፣ ልጁ ካላሳየኝ አላየውም፣ ማን ይግባ ማን ይቅር ለመምረጥም አልጠቀምበትም። ሁለተኛ፣ ጥያቄውን ትቼ ሥራ ሰጠሁ። «ትችያለሽ?» ማለቴን አቆምኩና «ሞክሪውና የሆነውን ጻፊ» ማለት ጀመርኩ።

ለዚህ ሥራ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት መለኪያም አለ። በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 በታይዋን የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ የታተመው ነው። ዝግጁነትን በአምስት ይከፍለዋል፦ ራስን ችሎ መማር፣ የመማር ፍላጎት፣ በትምህርቱ ላይ ራስን መቆጣጠር፣ በኮምፒውተርና በኢንተርኔት አጠቃቀም በራስ መተማመን፣ ኦንላይን ሆኖ ከሰው ጋር መግባባት። አከፋፈሉን እወደዋለሁ፣ እኔም የማያቸው ነገሮች ከነዚህ ብዙ አይርቁም። ግን ስልኩ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጊ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ መጀመር ያለብን ከዚያ ነው።

የሙከራው ሳምንት

ለሰባት ቀን ልጅቷ የምር ትማራለች፣ ግን ብታቋርጥም የምታጣው ነገር የለም። አንድ ነጻ ትምህርት ምረጡ። ልትመዘገብበት ያሰበችው ኮርስ ነጻ ከሆነ የሱ የመጀመሪያ ክፍል ይሻላል፤ ካልሆነ ካን አካዳሚ ከሚባለው ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ሂሳብ አንድ ምዕራፍ ይበቃል። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ 40 ደቂቃ። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ቤት፣ ወደፊትም ራሷ በምትገዛው ዳታ።

እዚህ ላይ ደጋግ ሰዎች ይሳሳታሉ። «ነይ ቢሮዬ፣ ዋይፋይ አለ» ይላሉ። ደግነት ነው፣ ግን እዚያ የሚለካው ቢሮው ነው። ሙከራው ቆጪ ሰፈር ያለችውን ልጅ ቆጪ ባለው ቤቷ፣ ጅረን ያለውንም ጅረን ላይ ማግኘት አለበት። አንድ ቤት ውስጥ እንኳን መስኮቱ ጋ ያለው ኔትወርክና ጓዳ ያለው አንድ አይደለም። ልጅቷ ይህን የምታውቀው ቁጭ ብላ ስትሞክር ብቻ ነው።

ደብተሯ ላይ አንድ ገጽ ታስምር። አራት ዓምድ ይበቃል፦ ያሰብኩት ሰዓት፣ የጀመርኩበት ሰዓት፣ ያቋረጠኝ ነገር፣ የበላው ዳታ። ከገጹ አናት ላይ ደግሞ ሳትጀምር አንድ ነገር ትጻፍ፦ «ከሦስቱ ስንቱን የምጨርስ ይመስለኛል?» ይህቺን መስመር አደራ አትዝለሏት። ሁላችንም ስለራሳችን ስንገምት እንስታለን፤ «ሦስቱንም» ብላ ጽፋ አንዱን የጨረሰች ልጅ ስለራሷ ከኔ ምክር ሁሉ የበለጠ ትማራለች። «አንድ ብቻ» ብላ ሦስቱንም የጨረሰችም አለች። እሷን ዝም ብላችሁ እዩአት፣ ፊቷ ይለወጣል።

ዳታው ስንት በላ?

ብዙ ተማሪ ዳታ ውድ እንደሆነ ያውቃል፤ የሱ ትምህርት ስንት ሜጋ እንደሚወስድ ግን አስቦት አያውቅም። መለካት ቀላል ነው። ከመጀመሯ በፊት ስልኳ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ቁጥር ትጻፍ። 40 ደቂቃው ሲያልቅ እንደገና ትጻፍ። ልዩነቱ የትምህርቱ ዋጋ ነው። ነገር ግን ከጀርባ ቲክቶክና ፌስቡክ እየሠሩ ከሆነ ቁጥሩ ያሳስታል፤ ቀድማ ትዝጋቸው።

ለግምት ያህል፣ ቪዲዮ በ360 ጥራት ሲታይ በሰዓት ወደ 300 ሜጋ ባይት አካባቢ ይወስዳል። በ720 ከ1 ጊጋ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በሳምንት የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ያለው የአራት ሳምንት ኮርስ በ360 ጥራት 3.6 ጊጋ ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ስሌት እናንተ አትሥሩላት፣ ራሷ ታስላው። ከዚያ *999# ላይ ገብታ ወይም በቴሌብር የፓኬጆቹን ዋጋ ታወዳድር። ሳፋሪኮም የምትጠቀም ከሆነም እንደዚያው። የአንድ ቀን ፓኬጅ በየቀኑ የሚገዛ ልጅ ወር ሲያልቅ የወርሃዊውን ዋጋ አልፎ ከፍሎ ይገኛል፣ ይህን ስንት ቤት እንዳየሁት! የሌሊት ፓኬጅም አለ። ቪዲዮውን ሌሊት አውርዶ ቀን ማየት ለብዙዎች ሠርቷል፣ ግን ኮርሱ ማውረድ ይፈቅድ እንደሆነ መጀመሪያ ይታይ። ስልኩ ላይ ቦታ መኖሩም እንደዚሁ፤ «ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚለው መልእክት ልክ ፈተናው ቀን ነው የሚመጣው።

በቀጥታ የሚሰጥ ትምህርት ከሆነ፣ ለምሳሌ በዙም፣ ሌላ ፈተና አለው። እዚያ መስማት ብቻ አይደለም፣ ድምፅሽም መሄድ አለበት። ከጓደኛዋ ጋር የአሥር ደቂቃ የቪዲዮ ጥሪ ታድርግ፤ መጀመሪያ ቪዲዮ ከፍታ፣ ቀጥላ ዘግታ። ልዩነቱን ትስማው፣ ደብተሯም ላይ ትጻፈው።

መብራትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። በሙከራው ሳምንት መብራት ከሄደ ጥሩ አጋጣሚ ነውና አትዘኑ። ካልሄደ ግን አንዱን ቀን ሆን ብላ ስልኳን ቻርጅ ሳታደርግ ባለው ባትሪ ብቻ ትማር። ስንት ደቂቃ ቆየ? 40 ደቂቃ የማይቆይ ባትሪ ያለው ልጅ ፓወር ባንክ ከኮርስ ክፍያ በፊት ይቀድምበታል።

የኢሜይሉ ጉዳይ

ይህ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ልጅ የወደቀው እዚህ ነው። የብዙ ተማሪዎች ጂሜይል የተከፈተው ስልኩን የገዙበት ሱቅ ውስጥ ነው። ሻጩ ከፈተላቸው፣ ፓስወርዱን እሱ አወጣው፣ ማንም አልጻፈውም። ስልኩ እስካልጠፋ ድረስ ችግሩ አይታይም። ኮርሱ ላይ ሲመዘገቡ ወይም ስልክ ሲቀይሩ ግን ሁሉም ነገር ይቆለፋል።

ስለዚህ አንዱ የሙከራ ሥራ ይሄ ይሁን፦ በጓደኛ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የራሷን ኢሜይል ትክፈት፣ አንድ ደብዳቤ ትላክላችሁ፣ ከዚያም ዘግታ ትውጣ። ቻለች? ካልቻለች ዛሬውኑ አዲስ ኢሜይል ትክፈት። ፓስወርዱን ሰው የማያየው ደብተር ላይ ትጻፈው፣ ማስመለሻ የሚሆነውም ስልክ ቁጥር የሷ ይሁን። የሰው ቁጥር ከሆነ፣ የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው ሰውዬው ጋ ነው።

ስምም አለ። ፎርሞቹ የመጀመሪያ ስምና የቤተሰብ ስም ብለው ይጠይቃሉ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ዋናው ነገር በፋይዳ መታወቂያዋ ወይም በትራንስክሪፕቷ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል እንደተጻፈው አድርጋ መሙላቷ ነው። ጅማ ውስጥ መሐመድ የሚለውን ስም በስንት ዓይነት ፊደል ሲጻፍ አይታችኋል? ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሥራ ሲያመለክት ልጁ ይቸገራል። አሁን አምስት ደቂቃ ብትወስዱበት በቂ ነው።

የማን ሰዓት? የማን ቀን?

አንድ ጎበዝ ልጅ አሳይመንቱን ሠርቶ ጨርሶ ሳያስገባ ቀረ። «እስከ 11:59» ይላል። እሱ 11:59ን በኛ አቆጣጠር አስልቶ ማለዳ ሊያስገባ አሰበ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው፤ በኛ አነጋገር ከሌሊቱ 5:59። ያም ሰዓቱ የኢትዮጵያ ከሆነ ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ከሆነ ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት ከሌሊቱ 8:59 ይሆናል። የኒውዮርክ ሰዓት ደግሞ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ነው።

ቀኑም እንደዚያው ነው። 10/05/2025 የሚል ቢመጣ ተማሪው ምን ብሎ ያነበዋል? አንዱ «አሥር፣ ጥር» ይላል። ሌላው አሥረኛውን ወር ሰኔ ያደርገዋል። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ኦክቶበር 5 ነው፣ በኛ መስከረም 25 ቀን 2018። ሦስት የተለያየ የመጨረሻ ቀን ከአንድ ቁጥር ወጣ።

ለሙከራ የሚሆን ሥራ፦ ከኮርሱ ገጽ ላይ አንድ የመጨረሻ ቀን ትውሰድ፣ በኛ ቀንና ሰዓት ትቀይረው፣ ስልኳም ላይ ማስታወሻ ትሙላ። ማስታወሻው በትክክለኛው ሰዓት ከጮኸ ይህን ክፍል አልፋለች።

የሰማችውን በራሷ ቋንቋ

እዚህ ከተማ አንዱ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሯል፣ ሌላው በአማርኛ። ከዚያ እንግሊዝኛ መጣ። መጽሐፍ አንብቦ የሚገባው ልጅ ፈጥኖ የሚናገር አሜሪካዊ ወይም ህንዳዊ መምህር ሲሰማ ግራ ይጋባል፣ ከዚያም ራሱን «ደደብ ነኝ» ይላል። ይህን ቃል ስሰማ በጣም ነው የማዝነው። ችግሩ ጆሮው አለመልመዱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ስለዚህ «እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» አትበሏት። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ትይ። ስልኩን ዘግታ የገባትን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በሚቀናት ቋንቋ፣ አምስት ስድስት መስመር ትጻፍ። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ የንግግሩን ጽሑፍ (ሰብታይትል) ከሥር አውጥታ፣ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ቀንሳ እንደገና ትይ። ሁለቱን ታወዳድር። በሁለተኛው ብዙ ከጨመረች ችግሩ የፍጥነት ነው፣ መፍትሔውም እጇ ላይ አለ፤ ጊዜዋን ብቻ እጥፍ አድርጋ ታስብ። በሁለተኛውም ምንም ካልጨመረች ያ ኮርስ ለአሁን ይከብዳታል፣ ከሱ በፊት ቀለል ያለ ትፈልግ።

መጻፍም ይሞከር። በስልክ ሁለት መቶ ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋ ትይ። ስንት ደቂቃ ፈጀ? አንድ ሰዓት ከሆነ፣ ጽሑፍ የሚበዛበት ኮርስ ላይ ኮምፒውተር የምታገኝበትን ቦታ አሁኑኑ ትፈልግ።

«ቲቸር፣ አልሠራልኝም»

ቴሌግራም ላይ በጣም የሚደርሰኝ መልእክት ይሄ ነው። ከዚህ የሚብሰው «ሰላም ቲቸር» ብሎ ጽፎ ዝም የሚለው ነው። መልስ እስክሰጥ ይጠብቃል፣ እኔም ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ቀኑ ያልፋል። ፊት ለፊት ብንሆን ሰላምታው ልክ ነው፣ ቤተሰብም እንጠያየቃለን። ኦንላይን ላይ ግን ከሰላምታው ጋር ጉዳዩም አብሮ መምጣት አለበት። መምህሩ ሌላ አገር ሆኖ በቀን አንዴ ብቻ መልእክት የሚያይ ከሆነ ልጅቷ አንድ ቀን ሙሉ አጣች።

ስለዚህ በሙከራው ሳምንት አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ትላክላችሁ። ሰላምታው ይኑር፣ ሦስት ነገር ግን ይጨመርበት፦ ምን ላደርግ ነበር፣ ምን ሆነ፣ ምን ሞከርኩ። ስክሪንሾት ታያይዝ። ይህን ከቻለች የትም አገር ካለ መምህር ጋር ትግባባለች። ካልቻለች ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ አብራችሁ ብትለማመዱ ይመጣል፤ ከዝግጁነት ክፍሎች ሁሉ ቶሎ የሚስተካከለው ይሄ ነው።

ያሰብኩት ሰዓትና የጀመርኩበት ሰዓት

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሳምንቱ ሲያልቅ ልጅቷን ቁጭ አድርጋችሁ ከአራቱ ዓምዶች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አብራችሁ እዩ፣ ለማሳየት ፈቃደኛ ከሆነች። አንድ ቀን እንዲህ ሆነ።

«ማታ 2 ሰዓት ብለሽ ነበር፣ 4 ሰዓት ተኩል ነው የጀመርሽው?»

«አዎ ቲቸር። ሰነፍኩ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ ምን እየሠራሽ ነበር?»

«ራት... ከዛ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጡ። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ከዛ ዕቃ አጠብኩ።»

«ታዲያ ስንፍናው የቱ ጋ ነው?»

ዝም አለች። ከዚያ ሳቅ አለችና «ንጋት ላይ እኮ ማንም አይጠራኝም» አለች። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ ተነስታ ሞከረች፣ ሠራላት። መልሱን እኔ አልሰጠኋትም። ደብተሩ ላይ የጻፈችው ራሷ ነች።

አደራ የምላችሁ እዚህ ጋ ነው። ልጆች ራሳቸውን ሰነፍ ለማለት ይፈጥናሉ፣ እኛም ተቀብለን «አዎ ጠንክሪ» እንላለን። ከዚያ ምንም አይለወጥም። ሰዓቱን የወሰደው ምን እንደሆነ በስሙ ይጠራ። ቡና ማፍላት ነው? የኳስ ጨዋታ ነው? ቲክቶክ ነው? ሁሉም መልስ ናቸው፣ ግን መፍትሔያቸው ይለያያል። ቲክቶክ ከሆነ በትምህርቱ ሰዓት ማሳወቂያውን መዝጋት ነው። የቤት ሥራ ከሆነ ሰዓቱን መቀየር ወይም ቤተሰብ ማነጋገር ነው። የረመዳን ወር ከሆነ ማታ 2 ሰዓት የተራዊሕ ጊዜ ነውና ያንን ሰዓት መጀመሪያውኑ አለማቀድ ነው።

ቤተሰብ ማነጋገር ስል ቀላል አይደለም። ብዙ እናቶች ልጃቸው ስልክ ላይ አቀርቅራ ሲያዩ ትማራለች ብለው አያስቡም፣ ቢያስቡ ነበር የሚገርመው፤ ስልክን ያወቁት በጨዋታ ነው። ልጅቷ ራሷ ታስረዳቸው። «እማዬ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ንጋት ላይ አንድ ሰዓት እማራለሁ፣ ከዚያ ቡናውን አፈላልሻለሁ» ብትል፣ ቪዲዮውንም አንዴ አብራ ብታሳያቸው ብዙ ነገር ይቀላል። ካልሆነላት እናንተ ሄዳችሁ ቡና ጠጡና አንሡላት። እኔ ሁለት ቤት ሄጃለሁ፣ ሁለቱም ቤት እናቶቹ ከዚያ በኋላ ራሳቸው «ሰዓትሽ ደረሰ፣ ተነሽ» የሚሉ ሆኑ።

ውጤቱን ማንበብ

ነጥብ አትደምሩ። ከመቶ 70 ያመጣች ልጅ ስልክ ከሌላት 70ው ምን ይሠራላታል? አንዱ ጉድለት ብቻውን ሁሉንም ሊያቆም ይችላል። እኔ የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፦ «ከዚህ ገጽ ላይ አንዱን ብቻ ብናስተካክል ሦስቱንም ጊዜ ትማሪ ነበር? የቱን?» ብዙዎቹ ወዲያው ይመልሳሉ። ማዳመጫ። ሰዓት። የወንድሜ ስልክ። በዚያ እንጀምራለን። ያ አንድ ነገር ሲስተካከል ሌላ ሦስት ጊዜ ትሞክርና ትመዘገባለች።

ስልክ የሌለው ልጅ ላይ ግን «ፍላጎት ካለ መንገድ አለ» እያላችሁ አታስጨንቁት። ሁለት ልጆች በአንድ ስልክ አብረው መማር ይችላሉ፣ አንዱ ሲያይ ሌላው እየጻፈ፣ በየተራ። እንዲያውም ሁለት ሆነው የሚማሩት ብዙ ጊዜ ብቻቸውን ከሚማሩት የተሻለ ሲዘልቁ አይቻለሁ። ሲመዘገቡ ግን ሁለቱም በየራሳቸው ኢሜይል ይሁን፣ ፈተናውንም እያንዳንዱ ለብቻው ይሥራ።

«አሁን አልችልም» የሚል ውጤትም ይመጣል። ትክክለኛ ውጤት ነው፣ ከልባችሁ ተቀበሉት። ቤተሰቡ ጎማ ወይም ማና ወረዳ የቡና መሬት ያለው ልጅ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ላይ ነው። በዚያ ወቅት የስምንት ሳምንት ኮርስ ከሚጀምርና ከሚያቋርጥ፣ ጥር ላይ ቢጀምር ይሻለዋል። ደብተሩ ላይ «አልችልም» ብሎ ሳይሆን «ጥር 15 እጀምራለሁ» ብሎ ይጻፈው፤ እስከዚያ ኢሜይሉን ያስተካክል፣ መጻፍ ይለማመድ፣ በሳምንት አንድ ቪዲዮ በ0.75 ፍጥነት ይስማ።

የምትጀምረዋ ልጅ ከተመዘገበች በኋላ እናንተ ስልካችሁ ላይ አንድ ቀን መዝግቡ፣ ኮርሱ በተጀመረ በአሥረኛው ቀን። የመጀመሪያው ሳምንት ሞቅታ ያለፈው፣ የመጀመሪያው አሳይመንት የደረሰው፣ ፓኬጁም ሊያልቅ የተቃረበው ያን ጊዜ ነው። ደውሉላት። «እንዴት ነው ትምህርቱ?» ካላችኋት «ጥሩ ነው» ትላችኋለች። «ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ጀመርሽ?» በሏት፣ ደብተሯንም ይዛ እንድታናግራችሁ ንገሯት።